ዳለቻን ምን ያስነጥሳታል

የካቲት 18፣ ማክሰኞ፣ ቢቸና

በሩን ዘጋሁባት። ከዛሬ ጀምሮ ዳለቻ ወደ ውጭ አትወጣም።

በአንድ ሳምንት ውስጥ በእኛ መንደር ሁለት ድመቶች ሞቱ። የአይጥ መርዝ ነው። ሰው እህሉን ለማትረፍ ብሎ መርዙን በሊጥ ለውሶ በየጥጉ ያስቀምጣል፤ አይጧ ሊጡን ትበላለች፣ ድመቷ አይጧን ትበላለች። የሁለተኛዋን ሬሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦይ ውስጥ አየሁት። ቤቴ ደርሼ ዳለቻን አልጋው ላይ ጥቅልል ብላ ሳገኛት ተንበርክኬ ጆሮዬን ጎኗ ላይ ለጠፍኩ። የአርባ አንድ ዓመት ሴት፣ ያውም የኬሚስትሪ መምህርት፣ ለድመት ብላ ተንበረከከች።

ዳለቻ የበሬ ስም ነው እያሉ ይስቁብኛል። መልኳ ዳለቻ ነው፣ ስሟም ዳለቻ ነው፣ አበቃ።

ቤት ውስጥ ከዋለች የምትጸዳዳበት ያስፈልጋታል። እናቴ የሰጠችኝ አሮጌ የእንጨት ገበቴ ነበረኝ፤ ሊጥ ካቦካሁበት ዓመታት አልፈዋል። የጓሮ አፈር ሞላሁበትና ከአልጋው ማዶ አኖርኩት። አሸተተችው፣ ጫር ጫር አደረገችው፣ ተቀመጠችበት። ማንም አላስተማራትም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

የቤቱ ባለቤት እትዬ ባንቺዓለም በራፌ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ጥሩአየሁ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ምንም አይሸትም እትዬ።»

«በሁዳዴ!» ብለው ሄዱ።

ሽታና ሁዳዴን ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። ፊቴ ግን እሳት ሆነ። በዚህ ግቢ ስድስት ዓመት ስኖር ቤትሽ ሸተተ ተብዬ አላውቅም። ወዲያው አፈሩን ደፋሁ፣ ገበቴውን በግራዋ ቅጠል ፈትጌ አጠብኩት፣ ፍም ላይ የወይራ ፍልጥ ጥዬ ጢሱ ላይ ደፋሁት፤ ልክ የጠላ ጋን እንደሚታጠነው። በደንብ እስኪጠጣ ጠበቅሁት። አዲስ አፈር ጨመርኩበት። በየማለዳው እንዲህ አደርጋለሁ። አሁን የፈለገ ይምጣና ያሽት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

አስነጠሳት። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። ዓይኗ ያለቅሳል። አገጯን እያከከች ጸጉሩን አረገፈችው።

ቆሻሻ ሊሆን አይችልም፤ በየቀኑ አጥባለሁ፣ በየቀኑ አጥናለሁ። ስለዚህ የአፈሩ አቧራ ነው። አፈሩን እቀይራለሁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

አመድ ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ብቻ። መዳፏ ቀላ፣ ቁጭ ብላ ስትልሰው ዋለች። አመድ እርጥበት ሲያገኝ እንደሚያቃጥል በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ! ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ተማሪዎቹን ጮክ ብላችሁ በሉ እያልኩ። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ማስነጠሱም አልቆመም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

አናጢው ምንይሉ ዘንድ ሄድኩ። ሰጋቱራ ስጠኝ አልኩት።

«ለምን ፈለግሽው መምህር?»

«ለድመት።»

«ድመት ሰጋቱራ ትበላለች?»

«ትጸዳዳበታለች።»

መጋዙን አስቀምጦ አየኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ነጋዴ እጁን ዘርግቶ፣ «የዋንዛ አለ፣ የባሕር ዛፍ አለ። የትኛው ይስማማታል?» አለ። ሊያሾፍ ነው። እኔ ግን ከልቤ አሰብኩበት። ባሕር ዛፍ ሽታው ያፍናል። የዋንዛውን በል አልኩት። ሁለት ከረጢት ሞላልኝና እየሳቀ እስከ በር ሸኘኝ። ይሳቅ። ሲስቅ የሞተ ሰው የለም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ሰጋቱራውም አልሆነም። ጠዋት ገበቴውን ከጢሱ አንስቼ ገና ሞቅ እንዳለ እሞላላታለሁ። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ከዚያ ይጀምራታል። አሁን ደግሞ ሳል መጣ፤ አንገቷን ዘርግታ መሬት ላይ ተኝታ ነው የምትስለው።

ዛሬ መምህራን ማረፊያ ልገባ ስል ድምፅ ሰማሁና በር ላይ ቆምኩ። «ባየ እኮ ደብረ ኤልያስ ሦስተኛ ልጁን ክርስትና አስነሳ» አለ አንዱ። «ጥሩአየሁስ?» «እሷማ ድመት ታሳድጋለች።» ሳቁ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ወደ ክፍል ተመለስኩ።

ምንም አልመሰለኝም። ድመት የያዝኩት ለአይጥ ነው። ባየ ስንት ልጅ እንደወለደ እኔን አያገባኝም፤ ከተለያየን ሰባት ዓመት ሆነን።

መጋቢት 7፣ እሑድ

የጤፍ ጭድ። ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም ብዬ። እትዬ ባንቺዓለም ለላማቸው ካስገቡት ክምር ጥቂት ለመንኳቸው።

«ላም የምትበላውን ድመት ትሽናበት?» አሉ። ሰጡኝ ግን። ቀጥለው፣ «ሰው በሚጾምበት ወር ወተት እየገዛሽ ታጠጫታለሽ አሉ» አሉኝ።

«እሷ ክርስትና አልተነሳችም እትዬ» አልኳቸው።

ማን ነገራቸው? ወተቱን በጥቁር ፌስታል ሸፍኜ ነው የማስገባው። በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጭዱ ብናኝ አለው። ጣልኩት።

አሁን ወረቀት። ያለፈውን ዓመት የፈተና ወረቀት ቁጭ ብዬ ቀደድኩ። አንደኛው ላይ የራሴ ጥያቄ ወጣ፦ «በአንድ ሙከራ ውስጥ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር መቀየር አለበት?» ልጁ «አንድ» ብሎ ሙሉ ውጤት አግኝቷል። እኔስ ምን አደረግሁ? አንድ በአንድ ነው የቀየርኩት። አፈር፣ አመድ፣ ሰጋቱራ፣ ጭድ። ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትቼ። እንከን የማይወጣለት ሥራ ነው፣ ውጤቱ ነው እምቢ ያለኝ።

ሳሏ ባሰ። ወይራውን ዛሬ ጨምሬ አጨስኩት፤ ወረቀት ሽታ አይመጥም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

እትዬ ባንቺዓለም ቁርጡን ነገሩኝ። ለፋሲካ ልጃቸው ከነቤተሰቡ ይመጣል። «ከበዓሉ በፊት ድመቷ ትውጣ። ካልሆነ አንቺም…» ብለው ቀሪውን ዋጡት። ክፉ ሰው አይደሉም። ወባ የያዘኝ ጊዜ አጥሚት ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው።

ብትወጣ ሦስት ቀን አትቆይም። መርዙ ዛሬም በየጥጉ አለ። አላወጣትም። አላወጣትም። ሞጣ እወስዳታለሁ፣ እዚያ የእንስሳት ሐኪም አለ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ፣ ሞጣ

ሚኒባስ ውስጥ በዘንቢል ይዣት። ክዳኑን በሻርፕ አሰርኩት። ግንደወይን ስንደርስ ጮኸች። ረዳቱ፣ «ዶሮ ነው?» አለ። ድመት ናት አልኩ። «ድመት ለገበያ?» ለሕክምና ነው ስለው መኪናው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ዞሬ አየኋቸው፣ አንድ በአንድ። ቀድመው ዓይናቸውን ያነሱት እነሱ ናቸው።

እህቴ ስርጉት ቤት አርፌያለሁ። አራት ልጆች፣ ሁለት ጥጃ፣ አንዱ ዕቃ ቦታውን አያውቅም። እታለም እታለም እያለችኝ ትሮጣለች እንጂ ቤቷን አትጠርግም። ለዳለቻ ጀሪካን በቢላ ለሁለት ከፍላ፣ ከቤት ግንባታ የተረፈ አሸዋ አፍሳ ሰጠቻት። ላጥበው ስል፣ «ተይው በቃ፣ ድመት ናት» አለችኝ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ትናንት ልመለስ ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፣ መኪና የለም። ርእሰ መምህሩ ጋ ስደውል ኔትወርክ የለም። ይሁን።

አቶ ወልደ ኪዳን ሐኪሙ በሬና በቅሎ ነው የለመዱት። ዳለቻን ጠረጴዛ ላይ ሳኖራት መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ስሟን ለመዝገብ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ዳለቻ… በሬ?» «ድመት» አልኩ። ጻፉት። አልሳቁም፤ ለዚህ ብቻ እወዳቸዋለሁ። ደረቷን አደመጡ፣ ጉሮሮዋን አዩ።

«አለርጂ ነው። ሳንባዋ የሚጠላው ነገር አለ። አቧራና ሽታ የሌለው ነገር ላይ ትጸዳዳ።»

«ሁሉንም ሞከርኩ እኮ።»

«እንግዲያው ያልሞከሩት አለ» አሉኝ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ዳነች። እንደ ጤነኛ ትሮጣለች። አገጯ ላይ ጸጉር መብቀል ጀመረ። ከረቡዕ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሳትም። የስርጉት ልጆች ጭራዋን ይጎትታሉ፣ ትቧጭራቸዋለች፣ ይጮኻሉ። ስርጉት አሸዋውን ሲያሻት ትደፋዋለች፣ ሲያሻት ትረሳዋለች። በዚህ ቆሻሻ ቤት ውስጥ!

አሸዋው ነው። የሞጣ አሸዋ። ሸካራ ነው፣ ብናኝ የለውም። ተገኘ!

መጋቢት 29፣ ሰኞ፣ ቢቸና

መንገዱ ተከፈተ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ ሚኒባሱ ላይ አስጫንኩ። ፍተሻ ላይ ያለው ሰው ማዳበሪያውን ዳበሰው።

«ምንድን ነው?»

«አሸዋ።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«ቢቸና።»

«ቢቸና አሸዋ የለም?»

«እንደዚህ ዓይነት የለም» አልኩ። ፈታው፣ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ፣ በረበረው፣ ጨብጦ አየው። አሸዋ ነው። «እሺ ሂጂ፣ እግዜር ይርዳሽ» አለኝ፤ ለታመመ ሰው በሚባል ድምፅ። መኪናው ውስጥ ማንም ሳቁን አልደበቀም።

ቤት ገብቼ በቅድሚያ ገበቴውን አጠብኩ። ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ የሰነበተ ቤት ስለሆነ ወይራውንም አበዛሁለት። ከዚያ አሸዋውን ሞላሁ። የስርጉትን ጀሪካን እዚያው ትቼዋለሁ፤ እሱን ቤቴ አላስገባም።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዳለቻን እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው።

ጠዋት አፏን ከፍታ ትተነፍስ ነበር። ድመት አፏን ከፍታ አትተነፍስም። ጎኗ ይገባል ይወጣል። ከሞጣ ደህና መጣች፣ በሦስት ቀን እንዲህ ሆነች። አሸዋው ያው ነው። ታዲያ ምን ቀረ? ሰው ነው የቀረው።

አቅፌያት ወጣሁ። እትዬ ባንቺዓለም ቧንቧው ጋ ነበሩ። ተከራዮቹ ሁሉ እየሰሙ ጮህኩባቸው። «መርዝ ሰጧት! ትውጣ ብለው ነበር፣ ይኸው ልትወጣልዎ ነው!» ብዬ።

ባልዲያቸው ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ? ሆሳዕና ሊገባ እኔ ነፍስ ላጠፋ?» አሉ። ቆይተው ቀና አሉና ድምፃቸው ተለወጠ። «መርዝስ የሰጠሻት አንቺ ነሽ። በየማለዳው በር ዘግተሽ ወይራ ታጨሺባታለሽ። እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ ዓይኔ ያነባል። ጥጃዬ እንኳ ሳል ጀመራት። እሷ የት ትግባ? ገበቴው ውስጥ አፍንጫዋን ደፍታ ነው የምትጸዳዳው!»

ተከራዮቹ ወደ እኔ ዞሩ።

ቤቴ ገብቼ አሸዋውን ደፋሁና ገበቴውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ጢስ ነው። እንጨቱ የስድስት ሳምንት ጢስ ጠጥቷል። ስድስት ነገር ቀየርኩ፤ ሁሌም የማደርገውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም፤ ማጠን ለእኔ እንደ መታጠብ ነበርና። ስርጉት አላጠነችም። ሰነፍ ናት ብዬ ስንቃት ሰነበትኩ።

ያንን ገበቴ እናቴ ነበረች የሰጠችኝ። ከግድግዳው ጋር አጋጭቼ ሰበርኩት።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

የፕላስቲክ ሳፋ። አሸዋ። በውኃ ብቻ ታጠበ። መስኮትና በር ተከፍቶ፣ በሩ ላይ እኔ ወንበር ይዤ እየጠበቅሁ እንዳትወጣ። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ታሜያለሁ አልኩ።

እየተነፈሰች ነው።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ፣ ሕማማት

ዳነች። ከትናንት ጀምሮ አላሳላትም። ማምሻውን ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ እግሬ ላይ ናት፤ ወረቀቱን በእጇ እየመታች ታስቸግረኛለች።

ጠዋት ከስግደት ስንመለስ እትዬ ባንቺዓለም እግር ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። «ተይ፣ ሕማማት ነው፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሰው ፊት መርዘኛ ያልኩትን ሴትዮ ሰው በሌለበት ይቅርታ ጠየቅሁ። ነገ ቧንቧው ጋ፣ ሁሉም ባለበት እደግመዋለሁ።

የቢቸና አሸዋም ይሠራል። ምንይሉ የሰጠኝን ሞከርኩ፣ አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄ። ያን ሁሉ ማዳበሪያ ሙሉ አሸዋ ከሞጣ ማምጣቴን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤቴ ግን ይሸታል። ብዙ አይደለም። በር ሲከፈት ይታወቃል። ከሰዓት ሁለት ጊዜ ተነስቼ ፍሙን ላቀጣጥል እጄ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። ለምን እንዲህ እንደሚያደርገኝ አውቀዋለሁ። የባየ እናት ሊጠይቁን ሲመጡ ደፉ ላይ ቆመው፣ «ልጅ ልጅ የማይሸት ቤት» ይሉ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው የሚናገሩ ይመስል። ባየ ዝም ይላል። ወይራ በየቀኑ ማጨስ የጀመርኩት ያኔ ነው። ምንም የማይሸት ቤት ከሚሉኝ ወይራ ይሽተት ብዬ። እሱ ሄደ፣ እናቱም ሞቱ፣ እኔ ማጨሴን ቀጠልኩ። ድሮ ዳለቻ ወጥታ ታመልጠው ነበር፤ በር ዘግቼባት በዚያ ጢስ ልገድላት ነበር።

በጣም ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ገና አልለየሁም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

እትዬ ባንቺዓለም መጡ። ቄጠማ ይዘውልኝ ነው የመጡት። ተቀመጡ፣ ዳለቻን አዩዋት፣ «ደህና ሆነች?» አሉ። ደህና ሆነች አልኩ።

«አስቤበታለሁ። ትኑር።»

እጃቸውን ልስም ተነሳሁ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቤቱን ግን እጠኚው። እንደዚያ በየቀኑ አላልኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ሰው እንደሚያደርገው። ሽታው ግድግዳው ውስጥ ከገባ አይለቅም። ቤቱ ነገ የልጄ ነው።»

የሚከብድ ነገር አልጠየቁኝም። ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ይላል። እኔም ከወር በፊት እሺ እል ነበር። አቶ ወልደ ኪዳን ጋ ግን ሐሙስ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ አንድ ቀንም ቢሆን አይሆንም ብለውኛል፤ ሳንባዋ ተጎድቷል።

«አልችልም እትዬ።»

«በሳምንት አንዴ?»

«አንዴም።»

«ለድመት ብለሽ የስድስት ዓመት ቤት ትለቂያለሽ?»

«ለድመት ብዬ።»

«ምንሽ ናት?» አሉኝ። ሊሰድቡኝ አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

ለአይጥ ነው የያዝኳት ልል አፌን ከፈትኩ። «እወዳታለሁ» አልኩ። ድምፄ ወጣ፣ ግቢውም ሰማው። እትዬ ባንቺዓለም ዳለቻን ደግመው አዩዋት። ከዚያ፣ «በይ እንግዲህ ከበዓሉ በኋላ ውጪ» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። የእኔም አልቀረ።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ገባሁ። ከገበያው በታች፣ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ሁለት። ውድ ነው፣ ለትምህርት ቤትም ሩቅ ነው። ምንይሉ ጋሪ ይዞ አልጋዬን አመጣልኝ። አልጋው ሳይገባ መጀመሪያ ሳፋውን አስገባሁ፤ አሸዋውን ሞላሁና በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ አስቀመጥኩት። «እዚያ?» አለ ምንይሉ። እዚያ ነው አየር የሚያገኘው አልኩት።

ከሰዓት ጎረቤቷ ወይዘሮ ውበቴ መጡ። ከፋሲካ የተረፈ ድፎ ዳቦ በሰሃን ይዘው፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ። ደፉ ላይ ቆመው ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። አፍንጫቸው ላይ የሆነ ነገር አለፈ፣ አየሁት። ሳፋውን አዩ። እኔንም አዩ።

«ከማን ጋር ነው የምትኖሪው ልጄ?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ብቻዬን እያልኩ ወዲያው ሌላ ወሬ አነሳ ነበር።

«ከዳለቻ ጋር» አልኳቸው። «ይግቡ፣ ይቀመጡ። ቤቱ ድመት ድመት ይሸታል፤ ይለምዱታል።»